የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያለው ፈተናው ጋ ነው

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቐለ የሚያደርገውን መደበኛ የመንገደኞች በረራ እንደገና ጀመረ። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ለ18 ወራት ያህል መደበኛ መንገደኛ ሳያስተናግድ ቆይቶ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ዓመት ከመንፈቅ ድምፃቸውን እንኳ ያልሰሙ ቤተሰቦች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የሚያሳዩት ምስሎች በዚያው ቀን አገሩን አዳረሱ።

የዚያን ዕለት የትግራይ ትምህርት ቤቶች ግን አልተከፈቱም ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጉት በሮች፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር እንደተዘጉ ቀሩ። ገሚሱ ትምህርት ቤት የተፈናቃይ መጠለያ፣ ገሚሱ የጦር ሰፈር ሆነ። ብዙው ተዘረፈ ወይም ፈረሰ። መምህራን ለወራት ደመወዝ አላገኙም። በክልሉ መደበኛ ትምህርት በስፋት የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ኮሮና ሲገባ ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ እንደ እኩዮቹ ቢቀጥል ኖሮ በዚያ ጊዜ አሥራ ሁለተኛን በጨረሰ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ መልሶ ግንባታ በተነሣ ቁጥር አንድ ዝርዝር ይቀርባል፤ ዴስክ፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ የጠፋው ሁሉ መተካት አለበት። ሆኖም የኢትዮጵያ የሳይንስ ትምህርት ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳይቷል። ዕቃ መጥቶ ያውቃል። መምህርም ከውጭ መጥቶ ያውቃል። ከሳተላይት የሚወርድ ትምህርት ሳይቀር መጥቶ ያውቃል። ያልመጣው፣ ተማሪው በገዛ እጁ እንዲሞክር የሚያስገድድ ምክንያት ነው።

ከውጭ የመጣ ሳይንስ

ዘመናዊ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ቋንቋን አስቀድሞ ነው የገባው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት በዋናነት የታሰበው ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገር፣ የሚጽፍና የሚያስተረጉም ሰው ማፍራት ነበር። የእጅ ሙያ በበኩሉ ክብር አልነበረውም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ በሙያው ይሰደብ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እስኪከለክሉ ድረስ። የሚያነብ ሰው እጁን አያቆሽሽም፤ እጁን የሚያቆሽሽ ሰው አያነብም። ይህ መለያየት ወደ አዲሱ ትምህርት ቤትም ተከትሎ ገባ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በወጉ ሲጀመር ሳይንስ ቦታ አገኘ። ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ተከፈተ፤ ጄኔራል ዊንጌት በ1946 ተከተለ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን የካናዳ ኢየሱሳውያን ተረከቡት። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህሩ በአብዛኛው የውጭ ዜጋ ነበር፤ መጽሐፉም፣ የመስታወት ዕቃውም ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። የመውጫ ፈተናው ሳይቀር መጀመሪያ የለንደን ነበር። ዛሬም ድረስ ሕዝቡ የሚጠቀምበት «ማትሪክ» የሚለው ስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ያም ሆኖ በዚያ ዘመን የተሠራ ቁም ነገር አለ። ከካናዳ ኢየሱሳውያን አንዱ የነበሩት ፒየር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1957 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። አዲስ አበባ የተመረጠችው ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። ስምጥ ሸለቆው ከደጅ በመሆኑም የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገብ ተጀመረ። እዚህ ላይ ዋናው መሣሪያ አገሩ ራሱ ነበር፤ ከውጭ የመጣው መለኪያው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ከ250 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጡ። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ኢትዮጵያውያን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ገጠር ከተሞች እየወጡ አስተማሩ። የመምህር እጥረቱን ለማስታገስ ሁለቱም ረድተዋል። ነገር ግን አንዱም ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ ቦታ ሊተክል የሚችል ሰው አልነበረም። የኬሚስትሪ ቁም ሣጥኑን የሚያውቀው መምህር ሲሄድ የቁም ሣጥኑ ዕውቀትም አብሮት ሄደ።

አድዋ፣ ወንዝ ዳር

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ትግራይ ውስጥ በአንድ ባልዲ የተሠራ ሙከራ የኢትዮጵያን ሳይንስ ስም በዓለም አስጠራ።

ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ነበር። የበሽታውን ጥገኛ ተውሳክ የሚያስተላልፉት በወንዝ ዳር የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ዘጠነኛ ክፍል የሚሠራ ዓይነት ነው። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ውስጥ ተደረጉ፤ ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ አገር በቀል ዕውቀት ለማውራት ነው። እውነት ነው፤ እንዶድ ልብስ እንደሚያጥብ ሴቶቹ ከማንም በፊት ያውቁ ነበር። ግን ሌላም ነገር አለበት። አክሊሉ ለማ ያየውን ነገር ጥያቄ አደረገው። ጥያቄውን እዚያው፣ ባለው ዕቃ፣ ፈተነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በባልዲው አልቆመም። አዲስ አበባ በቤተ ሙከራ የትኛው ዓይነት እንዶድ፣ በምን ያህል መጠን፣ በስንት ሰዓት እንደሚገድል ዓመታት የፈጀ ልኬት ተከተለ። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እስኪያገኙ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል።

ባልዲውና ቤተ ሙከራው አንዱ የሌላው ተቃራኒ አይደሉም። ባልዲውን ያልሞከረ ልጅ ቤተ ሙከራ ቢገባ የታዘዘውን ከመቅዳት በስተቀር የሚጠይቀው ጥያቄ አይኖረውም። የሚያሳዝነው፣ የአክሊሉ ለማን ስም በፈተና ወረቀት ላይ ሊያጠቁር የሚችል የኢትዮጵያ ተማሪ ብዙ ነው፤ አረፋውን በውሃ ላይ ጨምሮ የሆነውን የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

ሽምደዳ ባህል ነው?

የዚህ ሁሉ ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚላከከው በቤተ ክህነት ትምህርት ላይ ነው። «ዳዊት ከመድገም የመጣ የሽምደዳ ባህል ነው» ይባላል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ንባብና ዜማ በቃል እንደሚያዙ እውነት ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን የሌላ ሰው ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ብቻ አይመረቅም። ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን የራሱን ቅኔ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል። ለመምህርነት የሚበቃው መሥራት ሲችል ነው። በሌላ አነጋገር የቅኔ ቤት ፈተና የተግባር ፈተና ነው።

ስለዚህ ችግሩ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በቃል መያዝ ስለሚወድ አይደለም። ተማሪ በየትም አገር፣ በየትኛውም ዘመን የሚፈተንበትን ያጠናል። ሥራ ብትፈትነው ይሠራል፤ ቃል ብትፈትነው ቃል ይይዛል።

ከፔዳጎጂ ማዕከል እስከ ፕላዝማ

ደርግ ሲመጣ ትምህርትና ምርትን ማገናኘት የመንግሥት መፈክር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከክፍል አውጥቶ ገጠር አሰማራ። ፖሊቴክኒክ ትምህርት ተሰበከ። በዚያ ዘመን ከተሠራው ሁሉ ብዙ ያልተወራለት ግን የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከላት መቋቋም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። መምህራን ተሰብስበው ከጣውላ፣ ከቆርቆሮ፣ ከሸክላ፣ ከሽቦ የማስተማሪያ ዕቃ ይሠራሉ፤ የሠሩትን ይዘው ወደ ክፍል ይመለሳሉ። በየትምህርት ቤቱም ትናንሽ ማዕከላት ተከፈቱ።

ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ «ፔዳጎጂካል ማዕከል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር ይገኛል። ሲከፈት ውስጡ አቧራ የጠጣ የልብ ሞዴል፣ በካርቶን የተሣለ የምግብ መፍጫ ሥርዓትና የተሰበረ ሚዛን ነው። ሐሳቡ መጥፎ ስለነበረ አልሞተም። የሞተው፣ መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው «ስንት ምዕራፍ ጨረስክ?» ተብሎ እንጂ «ተማሪዎችህ ምን ሠሩ?» ተብሎ ስላልነበረ ነው።

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ትምህርት ቤት በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፋ፤ ይህ ሊካድ የማይገባው ስኬት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የገበሬ ልጅ በብዛት ሁለተኛ ደረጃ ገባ። የተማሪው ቁጥር ሲያድግ የሠለጠነ የሳይንስ መምህር ግን በዚያው ልክ አልተገኘም። መፍትሔው በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሳተላይት መጣ፤ ፕላዝማ።

ፕላዝማን ያየ ትውልድ አይረሳውም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ሰዓት በአገሪቱ ሁሉ ይተላለፋል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛው የቴሌቪዥኑ ነበር፤ ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀራል። ለእውነት ሲባል ጥሩ ጎኑም ይነገር። ቲትሬሽን ምን እንደሚመስል፣ ሶዲየም ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ብዙ የገጠር ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በፕላዝማ ነው። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ አይጠብቅም። ተማሪ እጁን ቢያወጣ አያየውም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አልፏል። ከሁሉ በላይ፣ ሙከራ ሊሳሳት የሚችል ነገር መሆኑ ቀረ። በስክሪን ላይ የሚሠራ ሙከራ ሁልጊዜ ይሳካል። በእጅ የሚሠራ ሙከራ ይበላሻል፤ «ለምን ተበላሸ?» የሚለው ጥያቄ ነው ዋናው ትምህርት።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ተወሰነ። ኢንጂነር እንዲሆኑ ከተመደቡት መካከል ማይክሮስኮፕ ነክተው፣ በአሚሜትር ለክተው የማያውቁ ሞልተው ነበር።

አየር መንገዱ ለምን ተሳካለት?

ይህ ሁሉ ሲሆን በዚያው አገር፣ ከዚያው ሕዝብ የወጡ ወጣቶች በእጃቸው የሚማሩበት አንድ ቤት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ።

አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ሲመሠረት ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ውል አብራሪዎቹም፣ ቴክኒሻኖቹም፣ ኃላፊዎቹም አሜሪካውያን ነበሩ። እንደ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ዕቃውም ሰውም ከውጭ የመጣ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አዛዥ ሆነው ሲያበሩ፣ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ዛሬ በቦሌ ሃንጋር ውስጥ የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖች ሳይቀሩ በኢትዮጵያውያን እጅ ይፈታሉ፣ ይጠገናሉ፣ ይገጠማሉ።

ልዩነቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። አየር መንገድ ውስጥ ፈተናው ሌላ ነው። የሞተር ቴክኒሻን አራት ምርጫ ካለው ጥያቄ «ሐ»ን ስላጠቆረ ብቻ አውሮፕላን ላይ ፈርሞ አይለቅም። የጽሑፍ ፈተናው አለ፤ ከእሱ በተጨማሪ ግን በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት በተግባር የሠራበት ጊዜ ይቆጠራል፤ ችሎታውን በሥራ ያሳያል። አብራሪውም ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ ሞተር ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ በየጊዜው ይታያል። ስለዚህ የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ ቤተ ሙከራውን ቆልፎ መቀመጥ አይችልም። ቢቆልፍ የሚያልፍለት ሠልጣኝ አይኖርም።

አሉላ አባ ነጋ ላይ የሚያርፍ እያንዳንዱ አውሮፕላን ኢትዮጵያውያን በተግባር መማር እንደሚችሉ ማስረጃ ነው። ያ ትምህርት ከማረፊያው አጥር ውጭ ወዳሉት የመቐለና የኩሐ ትምህርት ቤቶች ያልተሻገረበት ምክንያት የልጆቹ ችሎታ ሊሆን አይችልም።

ማጥቆር

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። መልሱ በወረቀት ይጠቆራል፤ አሁን አሁን ደግሞ በኮምፒውተር መፈተንም ተጀምሯል። ይህ የራሱ ምክንያት አለው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተፈታኝ በፍጥነት ማረም ያስፈልጋል። አራሚው ማሽን ስለሆነ ዘመድ አያውቅም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተለቀቀና ከተሰረዘ በኋላ፣ በኋላም ኩረጃው ሲብስ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ አገር አስደነገጠ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት መጀመሪያ 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ።

ኩረጃው ሲቀር ባዶው ታየ። ነገር ግን ባዶውን ለመሙላት የተያዘው መንገድ ያሳስባል። ትምህርት ቤቶች ክረምትና ቅዳሜ ማጠናከሪያ ይሰጣሉ፤ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች በገፍ ይሠራሉ፤ ጎበዝ ተማሪዎች ተለይተው አዳሪ ይገባሉ። ቤተ ሙከራ የሚገባበት ሰዓት ግን በዚህ ሩጫ ውስጥ የመጀመሪያው ተቆራጭ ነው። ርእሰ መምህሩን መውቀስ ይከብዳል። የሚመዘነው በፈተና ውጤት ነው፤ ፈተናው ደግሞ ማንም ቢዩሬት ይዞ እንደሆነ አይጠይቅም።

በትግራይ ይህ እጥፍ ይሆናል። ሦስት ዓመት ያመለጣቸው ተማሪዎች በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ፈተና ገቡ። ከእነሱ በኋላ የመጡትም የሁለት ዓመቱን ትምህርት በአንድ ዓመት እየተጣደፉ ነው የተሻገሩት። ጊዜ ሲያጥር ምን እንደሚቀር የታወቀ ነው። በአማራ ክልል ግጭት የዘጋቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች ነገ ሲከፈቱም ይኸው ጥድፊያ ይጠብቃቸዋል።

ጎረቤት ኬንያ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። በሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናዋ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እያንዳንዳቸው ሦስተኛ ወረቀት አላቸው፤ እሱም የተግባር ነው። ተማሪው በተፈተነበት ቀን ይለካል፣ ያቀላቅላል፣ ያየውን ይመዘግባል። ነቀፌታ አይጠፋውም፤ ትምህርት ቤቶች የሚወጣውን ሙከራ ገምተው ያንኑ ብቻ ያለማምዳሉ ይባላል። ቢሆንም የኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራውን ዓመቱን ሙሉ ቆልፎ ማለፍ አይችልም። እንግሊዝ ደግሞ መካከለኛውን መረጠች። በጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. የሳይንስ ፈተና የተግባር ሥራ በቀጥታ ነጥብ ባይኖረውም፣ ከጽሑፍ ፈተናው ቢያንስ 15 በመቶው ተማሪዎች በክፍል ስለሠሩት ሙከራ የሚጠይቅ ነው። ሙከራውን ያልሠራ ልጅ እዚያ ላይ ይቸገራል።

93 ዲግሪ

«የቤተ ሙከራ ዕቃ በሌለበት፣ ውሃ በማይደርስበት፣ አንድ ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ልጅ በተቀመጠበት ምን ሙከራ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከመቐለ ብዙ አይርቅም።

አሉላ አባ ነጋ ከባሕር ወለል በላይ 2250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳር አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፍን በደንብ አያነሣም፤ ሞተሩም የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ከባሕር ዳር ይልቅ 12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ማረፊያው ከ3.5 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት የተዘረጋለትም ለዚሁ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ ተማሪ ይህን በእርሳስ ሊያሰላው ይችላል።

ያንኑ የአየር መሳሳት በሻይ ጀበና ማየት ይቻላል። መቐለ ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መጽሐፉ 100 ይላል፤ በባሕር ወለል ግፊት መሆኑንም ይጠቅሳል። ተማሪው 100ን ይይዝና ቅድመ ሁኔታውን ይረሳል። አንድ ቴርሞ ሜትርና አንድ የከሰል ምድጃ ያለው መምህር 70 ልጆችን ከበው እንዲያነቡ ቢያደርግ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ክርክር የሳምንት ትምህርት ነው። ቴርሞ ሜትሩ ተበላሽቷል? ውሃው ቆሻሻ ነው? ሌላ ቴርሞ ሜትር ይምጣ? ሳይንስ ማለት ያ ክርክር ነው።

የመቐለ ቤቶች የታነጹበት በሃ ድንጋይ አለ፤ የመሰቦ ስሚንቶ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃው ይኸው ነው። ስባሪው ላይ አቼቶ ሲጠብ አረፋ ያወጣል። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው ሟሙቶ፣ ተጣርቶ፣ በፀሐይ ሲደርቅ ክሪስታሉ ይታያል። እንዶድ በአድዋ ዛሬም ይበቅላል። ይህ ሁሉ የቲትሬሽንና የማይክሮስኮፕ ምትክ አይደለም። ዕቃው እስኪመጣ ድረስ፣ ከመጣም በኋላ፣ እጅ እንዳይቦዝን የሚያደርግ ነው።

ምን ይደረግ?

ታሪኩ የሚያመለክተው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ፈተናው ይንቀሳቀስ። ከኬንያ ዓይነት የተግባር ወረቀት ጋር ወዲያው መወዳደር አይቻል ይሆናል፤ የእንግሊዙ ዓይነት ግን ገንዘብ እንኳ ብዙም አይጠይቅም። ትምህርት ሚኒስቴር ለእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ግዴታ ሙከራዎች ይዘርዝር፤ አብዛኞቹ በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠሩ ይሁኑ። ከፈተናው ውስጥ የተወሰነ ድርሻ ያንን የሠራ ልጅ ብቻ በቀላሉ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ይሁን። በምርጫ ጥያቄም ቢሆን ይቻላል። የተበላሸ የሙከራ ውጤት ሠንጠረዥ አቅርቦ «ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» ማለት ይበቃል።

ቀጥሎ፣ ተማሪዎች ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ መግባታቸው ያልታሰበ ዕድል ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ቤተ ሙከራ አላቸው። ሁሉንም ተፈታኝ ማስገባት አይቻልም። ከየትምህርት ቤቱ በዕጣ ጥቂት ልጆች ወጥተው አንድ ቀላል ሙከራ ቢሠሩና ውጤቱ ለልጁ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ ቢመዘገብ ግን፣ ዕጣው ማን ላይ እንደሚወጣ የሚያውቅ ርእሰ መምህር ስለማይኖር ሁሉንም ማለማመድ ግድ ይሆናል።

ተቃውሞው ይታወቃል። ግዴታ ሙከራ ሲባል በወረቀት ላይ ብቻ «ተሠርቷል» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ የበለጠ ይጎዳል። ሁለቱም እውነተኛ ሥጋቶች ናቸው። የገጠሩ ልጅ ግን አሁንም እየተጎዳ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ጉዳቱ የሚታየው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። የሐሰት ሪፖርቱን ደግሞ ዕጣው ያጋልጠዋል።

ዕቃው ሦስተኛ ይምጣ፤ ከዕቃው ጋር የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ደመወዝ፣ ውሃና የመምህሩ የዝግጅት ሰዓት አብረው ይምጡ። ትምህርት ቤቱን ዳግም ለሚገነቡት ሁሉ፣ ለመንግሥትም ለረድኤት ድርጅትም ለዳያስፖራም፣ ከ«ስንት ማይክሮስኮፕ ላክን?» በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። በዚህ ዓመት የማይክሮስኮፑን ቁልፍ የሚጠይቅ ሰው ማን ነው?

አለዚያ በአሉላ አባ ነጋ የሚራገፈው ሣጥን ይጫናል፣ ይወርዳል፣ ይፈረምበታል፣ ፎቶ ይነሣበታል፤ ከዚያም ይቆለፍበታል። መቐለ ያለችው ተማሪም ምድጃው ላይ ያነበበችውን 93 በልቧ ይዛ፣ ፈተና ላይ ያለ ምንም ማብራሪያ 100ን ታጠቁራለች።